ከጀልባው በፊት የዋለችው ቀን

እናቴ በጣና ሐይቅ ላለው ለክብራን ገብርኤል የተሳሉት በ2003 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ባለቤቴ እዚሁ ጊምቢቹ ምጥ ጠንቶባት ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ስትጨነቅ፥ እናቴ ከደጅ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው «በሰላም ካገላገልህልኝ ጥላ ይዤ ደጅህ ድረስ እመጣለሁ» ብለው ተሳሉ። በማግሥቱ ሴት ልጅ ተወለደች። በአገራችን ብዙው ሰው ለቁልቢ ገብርኤል ሲሳል እናቴ ክብራንን የመረጡበት ምክንያት አላቸው፤ ይኸውም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ የጣና መነኵሴ ለገዳማቸው ርዳታ ሊጠይቁ ወደ እኛ አገር መጥተው በቤታችን ሁለት ቀን ዐርፈው ስለ ነበር ነው። መነኵሴው ስለ ደሴቲቱ የተናገሩትን ሁሉ እናቴ በልባቸው ይዘውት ኖረዋል።

ጥላው ወዲያው ተገዛ፤ መንገዱ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። አንድ ዓመት ገንዘብ ሲጎድል፥ አንድ ዓመት የአዝመራ ሥራ ሲይዘን፥ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ፥ ከዚያም ጦርነቱ ሲከተል፥ ጥላው በነጭ ጨርቅ እንደ ተጠቀለለ በቆጥ ላይ ሰነበተ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላሙ ስምምነት በተፈረመ ጊዜ እናቴ ጥላውን አውርደው አቧራውን አራገፉና «ልጄ፥ እኔ እኮ ሰባ ስምንት ዓመት ሞላኝ» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። እኔም ከዚህ በላይ አላስፈለገኝም።

ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ጧት እናቴ፥ ልጄና እኔ ሦስት ሆነን ከጊምቢቹ ተነሣን። ሆሳዕና ስንደርስ እናቴ እንደ ልማዳቸው ለልጄ የከተማይቱን ስም ነገር አነሡላት፤ ስሟን ያገኘችው ከበዓሉ ከሆሳዕና ነው እያሉ ሲነግሯት ሰማሁ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከአዲስ አበባም በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዓባይን በረሃ ስንወርድና ስንወጣ እናቴ ጥላውን በጉልበታቸው ላይ እንዳስተኙት ነበሩ። ረዳቱ «እማማ፥ ከላይ እናስቀምጥልዎ» ቢላቸው «ይህ ዕቃ አይደለም» ብለው መለሱለት። ረቡዕ ሲመሽ ባሕር ዳር ገባን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብሎ፥ በታኅሣሥ፥ ስለ ጣና ገዳማት የተጻፈ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ሳነብ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት የወንዶች ገዳም መሆኑን ተረዳሁ። መጽሐፉን ዘግቼ ለእናቴ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ብነግራቸው ጉዞውን ይተዉታል፥ ከተዉትም ስለቱን ሳያገቡ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። «እዚያ ስንደርስ እግዚአብሔር መላ ይሰጣል» እያልሁ ነገሩን ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ቀን አሻገርሁት። ለእግዚአብሔር የተውሁት መስሎኝ ነበር እንጂ እውነቱ ድፍረት ማጣት ነው።

ጀልባው ለዓርብ ጧት ስለ ተቀጠረ ሐሙስ ያለ ሥራ የምትውል ቀን ሆነች። በውሃ ላይ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ እንዲህ ያለች ቀን ታጋጥመዋለች። በውጭ አገር በትላልቅ መርከብ ከወደብ ወደ ወደብ የሚዘዋወሩ ሰዎች መርከቡ እስኪነሣ ድረስ አሮጌውን ከተማ በአንድ ቀን አይተው ለመጨረስ ይጣደፋሉ። የእኛም አባቶች ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ በምጽዋ በኩል በሚሄዱበት ዘመን መርከብ እየጠበቁ በወደቡ መሰንበት ግድ ይሆንባቸው ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በጢሮስ ወደብ ሰባት ቀን እንደ ተቀመጠ፥ ሲነሣም የከተማይቱ ምእመናን ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ሸኝተውት በባሕሩ ዳር ተንበርክከው እንደ ጸለዩ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 21 ተጽፏል። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የማስበው ስለ ልጆቹ ነው። ሰባቱን ቀን ከእንግዳው ጋር ምን እያሳዩት ዋሉ ይሆን?

ሐሙስ ጥር 18 ቀን ነበረች፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ የዝርወተ ዐፅሙ በዓል። ባሕር ዳር ከተማ ሳትሆን በፊት በሐይቁ ዳር የነበረችው ይህችው የጊዮርጊስ ደብርና በዙሪያዋ ያለች ትንሽ መንደር ስለ ነበረች፥ በዓሉ በዚያ ሲከበር ማየት የከተማይቱን ሥር ማየት ነው። ሌሊት ማሕሌቱ ቆሞ አድሮ ስንደርስ ቅዳሴው ሊገባ ነበር። እናቴ በሴቶች መግቢያ በኩል ቆሙ፤ እኔም ከወንዶች ጋር ቆምሁ፤ ነገር ግን ዐሳቤ በመቅደሱ አልነበረም። «ዛሬ ልንገራቸው ወይስ ነገ?» እያልሁ ስከራከር ወንጌሉ አለፈኝ።

ከቅዳሴ በኋላ በግቢው አጠገብ ያለውን ባለ ደርብ የድንጋይ ሕንፃ ለልጄ አሳየኋት። ሠሪው ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለ የእስጳንያ ኢየሱሳዊ ነው ይባላል። ይህ ሰው ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት የሳበ ነው፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1618 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ በግሽ አይቶ ስለ እርሱ ጽፏል። በዚያ ምክንያት የፈሰሰውን ደም፥ በመጨረሻም ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ማስተላለፋቸውን ነገርኋት። ልጄም ግንቡን በእጇ እየዳሰሰች «ታዲያ ሕንፃውን ለምን አላፈረሱትም?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ስፈልግ በግቢው ያሉ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ሰምተው «ልጄ፥ ድንጋዩ ምን አጠፋ?» አሉ። እኔ ካሰብሁት ሁሉ ይህ ይሻላል።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረድን። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፥ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ጥልቀቱ ግን ብዙ በሆነበት ስፍራ ከ15 ሜትር የማያልፍ ውሃ ነው። በውስጡ ወደ 37 የሚሆኑ ደሴቶች ሲኖሩ ከእነርሱም 20 ያህሉ የቤተ ክርስቲያንና የገዳም ስፍራ ናቸው። ከሐዲያ ምድር ለሚመጣ ሰው ሐይቅ ማለት በሻሾጎ ያለው ቦዮ ነው፤ በቦዮ ዳር ቆሞ የማዶውን ዛፍ ማየት ይቻላል። በጣና ዳር ቆሞ ግን የሚታየው ውሃና ሰማይ ብቻ ነው። እናቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ይህ ሁሉ ውሃ እያለ ሰው እንዴት ይጠማል?» አሉ።

የወደቡ ነገር እንዲህ ነው። ዛሬ በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ይታያሉ። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቅና በእስር በእስር ተጠፍሮ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ምድር ተጎትቶ ፀሓይ ላይ ይቆማል፤ ዕድሜውም አጭር ስለ ሆነ ባለቤቱ ቶሎ ቶሎ ሌላ ይሠራል። በዚህ ሥራ የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ነበረ ለማስረዳት ሲነሣ፥ ደንገሉን ያስጫነው ከዚሁ ከጣና ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. የሠራት የመጀመሪያዋ መርከብ «ራ» ከሞሮኮ ተነሥታ ውቅያኖሱን ሳትጨርስ ውሃ ገብቶባት ቀረች፤ በማግሥቱ ዓመት የተሠራችው ሁለተኛዋ «ራ» ግን ባርባዶስ ደረሰች። ይህን ለልጄ ስነግራት አንድ ታንኳ የሚጠፍር ሰው ሥራውን ሳያቆም ያደምጠን ነበር። ሲያበቃ «አንደኛዋ የሰጠመችው እዚህ ስላልተጠፈረች ነው» አለን። እርሱ ያለው ሐሰት ነው ለማለት አልደፈርሁም።

ትላልቅ ጀልባዎች በጣና መመላለስ የጀመሩት በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው፤ ከባሕር ዳር ሐይቁን አቋርጦ ወደ ሰሜኑ ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው የጀልባ መንገድ ለብዙ ዘመን ለነጋዴና ለመንገደኛ አገልግሏል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ እንቦጭ የተባለው አረም በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳር እየተስፋፋ ለአሣ አጥማጁም ለባለ ጀልባውም ችግር ሆኗል።

የነገውን ጀልባ ባለቤት ያገኘነው እዚያው ነው። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ትሑት ሰው ነበር። ዋጋውን አስቀድመን ቈረጥን፤ ለሦስታችንም የሚያንሳፍፍ ሰደርያ መኖሩን ጠይቄ አየሁ። ጧት 1 ሰዓት እንድንነሣም ተስማማን፤ ጣና ጧት ጸጥ ብሎ ከቀትር በኋላ ነፋስ ያስነሣዋልና። በመጨረሻ ባለ ጀልባው ወደ እናቴ ዘወር ብሎ «እንግዲህ እናታችን፥ እርስዎና ልጅቱ ክብራን አትወርዱም፤ ሴት አይገባበትም። ከአጠገቡ ባለችው በእንጦስ ኢየሱስ አደርሳችሁና ትቆያላችሁ» አላቸው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። እናቴ ባለ ጀልባውን አመስግነው ጥቂት ራቅ አሉና ጠሩኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎን፥ ዐውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከታኅሣሥ።»

እናቴም ነጠላቸውን አስተካክለው፥ «እኔ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ጀምሮ ዐውቀዋለሁ። መነኵሴው ያን ጊዜውኑ ነግረውኛል። አንተን ለምን ይዤህ የመጣሁ ይመስልሃል?» አሉኝ።

ከዚያም የልባቸውን ነገሩኝ። ጥላውን ወደ ውስጥ የማገባው እኔ መሆኔን አስቀድመው ቢነግሩኝ «ሥራ አለኝ፥ በሌላ ሰው ይላክ» እላለሁ ብለው ሠግተው ነበር። ከዚህም የባሰ ሥጋት ነበራቸው። «አንተ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በበዓል ነው፤ ንስሓ አባትህን ካየሃቸው ስንት ጊዜ ሆነህ? እኔ የምፈራው ስለቴን ይዞ የሚገባው ሰው አገር እንደሚያይ ሰው ዙሪያውን ሲያይ እንዳይወጣ ነው። ለመሳለም ግባ፤ ለማየትም እይ፤ ግን ቅድሙ ይቅደም።» እኔ ከእነርሱ የደበቅሁትን እነርሱ ከእኔ ደብቀውት፥ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ምሥጢር ተሸክመን ከጊምቢቹ ባሕር ዳር መጥተናል። በማፈርና በመሳቅ መካከል ሆንሁ።

ያልረካችው ልጄ ናት። «ስለቱ የኔ ከሆነ እኔ ለምን አልገባም?» አለች። ስለ ገዳም ሥርዓት፥ ዓለምን ትተው የወጡ ሰዎች ለራሳቸው ስለ ወሰኑት ድንበር፥ እንጦስ ኢየሱስም ራሷ ቀድሞ የመነኰሳይያት ደሴት እንደ ነበረች አስረዳኋት። ፊቷን አይቼ እንዳልበቃት ተረዳሁ። ደግሞም ልጅ የጠየቀው ሁሉ በአንድ ንግግር ያልቃል ብሎ ማሰብ የአባቶች ስሕተት ነው። እናቴ ግን እጇን ይዘው «እኔም አልገባም። ሁለታችን ማዶ ሆነን እናያለን፤ አባትሽም ያየውን አንድ ሳያስቀር ይነግረናል» አሏት። ይህ ለእርሷ መልስ ለእኔም ትእዛዝ ሆነ።

ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ቀኑ ሌላ ቀን ሆነ። ጧት እያየሁ ያላየሁትን ከተማ አሁን ማየት ጀመርሁ። ቀኑ ሐሙስ በመሆኑ ልጄ የተጠበሰ ቆሮሶ በላች፤ እናቴ አምባዛ ይቀርባል ሲባሉ መልኩን አይተው በሽሮ ተወሰኑ። ከዚያ የዘንባባ ዛፍ በተተከለበት ጎዳና ሄደን ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ስፍራ ደረስን። በዚያ ጊዜ አዲሱ ድልድይ ገና በመሠራት ላይ ነበር። 380 ሜትር የሚረዝመው ይህ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ ዛሬ የሚሄድ ሰው የሚያየው እኛ ያላየነውን ነው። እኛ የተሻገርነው ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለውን አሮጌውን ነው።

በድልድዩ ላይ ልጄ ሌላ ጥያቄ አመጣች። በትምህርት ቤት ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል አቋርጦ ያልፋል ሲባል ሰምታ ኖሮ ውሃውን ለመለየት ትሞክር ነበር። ይህ ከጥንት ጀምሮ የሚነገር ነው። ወደ ጣና የሚገቡት ትልልቆቹ ወንዞች ግልገል ዓባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ መሆናቸውን፥ ግልገል ዓባይም ከግሽ ምንጭ መጥቶ ከሁሉ የሚበልጥ ውሃ ስለሚያስገባ ሕዝቡ አንድ ወንዝ አድርጎ እንዳየው ነገርኋት። እናቴ የሚያውቁት ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት የተጠራውን ግዮንን ነው። ሁለታችንን ካዳመጡ በኋላ «ከገነት የወጣ ከሆነ ቢቀላቀልስ ምን ይሆናል?» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ወደ ማታ ቤዛዊት ወደሚባለው ኮረብታ ወጣን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በዚያ ነው። እኛ ግን የወጣነው ለዕይታው ነው። ከዚያ ላይ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በሜዳው ሲጠማዘዝ፥ ከበስተጀርባውም ሐይቁ ፀሓይ ሲጠልቅበት ይታያል። ወንዙ ከዚህ ወርዶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ በጢስ ዓባይ ይወድቃል፤ ሆኖም ውሃው ለመብራት ኀይል ስለሚከፈል ፏፏቴው እንደ ጥንቱ ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም፤ ከክረምት በኋላ ካልሆነ ቀጭን ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በጥር ወር ልጄን ወደዚያ አልወሰድኋትም፤ የእኛው የሶሮው አጃጮ አለ አልኋት። በአጃጮ ዳር አድጎ ሌላ ፏፏቴ ለማየት መቸኰል ምንድን ነው? ይህ የአገሬው ትዕቢት እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ሌሊቱን ለንስሓ አባቴ ስልክ ደወልሁላቸው። ስመለስ እንደምመጣ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ምክንያቱን ሳይጠይቁ «እሺ፥ እጠብቅሃለሁ» አሉኝ። እናቴ ለነገው ጾም ከቤት ያመጡትን ቆጮ ከእንሰት ቅጠሉ ፈትተው አዩና መልሰው ጠቀለሉት።

ዓርብ ጥር 19 ቀን፥ በገብርኤል ዕለት፥ ጧት 1 ሰዓት ተነሣን። ሐይቁ እንደ ዘይት ለጥ ብሎ ነበር። ጎማሬ የሚወጣበትን የዓባይን አፍ በስተቀኝ ትተን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንሄድ ሁለት ደሴቶች ጎን ለጎን ብቅ አሉ። ጀልባው አስቀድሞ ወደ እንጦስ ኢየሱስ ሄዶ እናቴና ልጄ ወረዱ። እናቴ ጥላውን ከጨርቁ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ ገንዘቡንና ዕጣኑን ጨመሩበት፤ ከዚያም ኪሴን ዳሰሱና ስልኬን ወሰዱ። «ሥዕል የምታነሣበት ይህ ነው አይደል? ስትመለስ ትወስደዋለህ።»

ክብራንን አባ ዘዮሐንስ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፥ በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት፥ እንደ መሠረቱት ይነገራል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ በዙሪያው የድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል። ገዳሙ ከመጻሕፍቱ መካከል በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሣለ ወንጌል በመያዙ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ አስቀድሜ ዐውቅ ነበር። ከወደቡ ሽቅብ ያለውን የድንጋይ መንገድ ጥላውን ይዤ ስወጣ ግን ያወቅሁት ሁሉ ከአሳቤ ወጣ። አንድ ሽማግሌ መነኵሴ በደጀ ሰላሙ ተቀበሉኝ። «የማን ስለት ነው?» አሉኝ። «የእናቴ ነው፤ እዚያ ማዶ ናቸው» አልሁ። መነኵሴው ጥላውን ተቀብለው በረጅሙ አዩት፤ የእናቴን፥ የባለቤቴንና የልጄን የክርስትና ስም ጠይቀው አንድ በአንድ ደገሙት፤ ከዚያም እንድገባ ፈቀዱልኝ።

ሰገድሁ፤ ጸለይሁ። ከጸለይሁ በኋላ እንደ ታዘዝሁት ዐይኔን ከፍቼ አየሁ፤ ለሁለት ሰው እንደሚያይ ሰው አየሁ። ዓምዶቹን ቈጠርሁ፤ በመቅደሱ ግድግዳ ያሉትን ሥዕሎች በቅደም ተከተል በቃሌ ያዝሁ፤ ከበሮው የተሰቀለበትን፥ ብርሃኑ የሚገባበትን መስኮት፥ ምንጣፉ የተሸነቈረበትን ሳይቀር ልብ አልሁ። ስወጣ መነኵሴው እምነት በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና እስከ መንገዱ መጀመሪያ ሸኙኝ። ወደ ማዶ እያዩም «ያቺ ነጭ ነጠላ የለበሰችው ናት?» ብለው ጠየቁኝ። በውሃው ማዶ በዛፉ ሥር ሁለት ነጫጭ ነገሮች ይታያሉ፤ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። «አዎን አባቴ» አልኋቸው። እርሳቸውም መስቀላቸውን ወደዚያው አንሥተው አማተቡ።

ከዚያ በኋላ ወደ ዘጌ ሄደን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሦስታችንም ገብተን ተሳለምን። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ስለ ሆነ ልጄ ዐይኗ የሚያርፍበት አጣች። ዘጌ በቡናና በጌሾ ጫካ የተሸፈነ ልሳነ ምድር ነው፤ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፥ ጌሾና ሎሚ በቀለ ተብሎ ይነገራል፤ አገሬው በሬ ጠምዶ አያርስም፥ በዚሁ ዛፍ ይኖራል። እናቴ የዘጌን ቡና በእጃቸው ይዘው ቅጠሉን ከእኛ አገር ቡና ጋር ሲያስተያዩ ብዙ ቆየን። ከዚህ የራቁትን ዳጋ እስጢፋኖስንና ጣና ቂርቆስን ለማየት ጊዜም ገንዘብም አልነበረንም። ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታው ጀመር፤ ሰደርያው ለጌጥ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

በዚያው ዓመት ከሐምሌ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ መንገዱ አስጊ ሆነ። ባለ ጀልባው በ2016 ዓ.ም. ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ሲደውልልን ጀልባው ያለ ሥራ ታስሮ መሰንበቱን ነግሮናል። ስለዚህ በዚያ ስለት ያለበት ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት በአካባቢው ያሉ ሰዎችን ስለ መንገዱ መጠየቅ ይገባዋል። ሴቶችም ካሉ የትኛው ገዳም እንደሚገቡ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ደግሞም የሰሙትን ለእናታችሁ ንገሩ።

እኔ በእንጦስ ኢየሱስ ዳር ከጀልባ ስወርድ እናቴ እምነቱን ተቀብለው ከሳሙ በኋላ በዛፉ ሥር ተቀመጡና «በል፥ ከደጀ ሰላሙ ጀምር» አሉኝ። ጀመርሁ። አንድ ነገር ስዘል ልጄ «ከዚያ በፊትስ?» እያለች ትመልሰኝ ነበር። ባለ ጀልባው ሁለት ጊዜ ነፋሱ ሳይነሣ እንሂድ ብሎ አሳሰበን።

ዛሬ በቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤቶቻችን፥ ብዙዎቹ የሌላ እምነት ተከታዮች የሆኑትም ጭምር፥ ስለ ጣና ንገሩን ይሏቸዋል። እናቴም ከደጀ ሰላሙ ይጀምራሉ። ዓምዶቹን ይቈጥራሉ፤ ሥዕሎቹን በቅደም ተከተላቸው ይጠራሉ፤ እኔ የረሳሁትን የምንጣፉን ሽንቁር እንኳ አይረሱም። ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤት «እማማ፥ ይህን ሁሉ ገብተው አዩት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እናቴ ስኒውን አስቀምጠው ወደ እኔ አዩና «እግሬ አልገባም» አሉ፤ ከዚያም ወደ ሥዕሎቹ ተመለሱ።